በእንግሊዝኛ የተማርኩትን ሕግ በአማርኛ መጻፍ አቃተኝ፦ ከጥብቅና ቢሮ የተግባር ልምምድ በኋላ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፤ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። በዚህ ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የጥብቅና ቢሮ ለአንድ ወር ተኩል የተግባር ልምምድ አድርጌ ጨርሻለሁ። የጀመርኩት በሰኔ አጋማሽ ስለነበር፣ ነሐሴ ገብቶ መደበኛ ችሎቶች ለእረፍት እስኪዘጉ ድረስ ጠበቃውን ተከትዬ ልደታ የሚገኘውን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ደጋግሜ ለማየት ችያለሁ።

ይህን የምጽፈው ቢሮውን ለማማረር አይደለም። በመልካም ሁኔታ ተቀብለውኛል፤ ፎቶ ኮፒ ከማንሳትና መዝገብ ቤት ደርሶ ከመመለስ ያለፈ ሥራም ሰጥተውኛል። ያስጨነቀኝ የራሴ ጉድለት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጠበቃው አንድ የብድር ጉዳይ ሰጡኝና የክስ ማመልከቻ አርቅቄ እንዳመጣ አዘዙኝ። ጉዳዩ ውስብስብ አልነበረም፤ በጽሑፍ የተደረገ የብድር ውል አለ፣ የመክፈያው ቀን አልፏል፣ ተበዳሪው አልከፈለም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት (ተከራካሪው ራሱ በማመኑ) ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል የሚደነግገውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472ን በፈተና ላይ በእንግሊዝኛ አብራርቼ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ባዶ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ግን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር መጻፍ አቃተኝ። በአእምሮዬ የሚመጣልኝ ሁሉ እንግሊዝኛ ነበር፤ ያንን ወደ አማርኛ ስመልሰው ደግሞ ማንም የማይናገረው ዓይነት አማርኛ ይሆንብኛል። ሁለት ቀን ደክሜ አራት ገጽ አቀረብኩ። ጠበቃው በትዕግሥት አንብበው ሲሰርዙ ሲሰርዙ የተረፈልኝ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር። «ሕጉን ዳኛው ያውቀዋል፤ አንቺ ፍሬ ነገሩን ንገሪው» አሉኝ።

ሌላም ስህተት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ብቻዬን ችሎት ገብቼ ቀጠሮ መዝግቤ እንድመጣ ተልኬ ነበር። ዳኛዋ መዝገቡን የቀጠሩት ተከሳሹ ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት ባነሳው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ላይ ብይን፣ ማለትም በክርክሩ መካከል የሚሰጥ ውሳኔ፣ ለመስጠት ሲሆን፣ እኔ በቢሮው የቀጠሮ መዝገብ ላይ «ለፍርድ» ብዬ ጻፍኩ። በዚያች ቅጽበት ብይን፣ ትዕዛዝና ፍርድ ለእኔ አንድ ነበሩ። ጠበቃው ተጠራጥረው ስላጣሩ ጉዳት አልደረሰም፤ ደንበኛው ክርክሩ ያለቀ መስሎት ቢሆን ኖሮ ግን ምን ሊፈጠር ይችል እንደነበር ሳስብ አሁንም እደነግጣለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ይህን ክፍተት ከመመረቄ በፊት በምን መንገድ ልሞላው እችላለሁ? በተጨማሪም ለትምህርት ክፍሉ በማቀርበው የልምምድ ሪፖርት ላይ ይህን ድክመቴን በግልጽ ብጽፈው ይጎዳኛል ወይ? ልምዱ ያላችሁ እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ 1፤ በጥብቅና ሥራ ላይ ያለ

እህቴ፣ በመጀመሪያ የባለጉዳዮቹን ስምና የቢሮውን ማንነት ሳትጠቅሺ መጻፍሽን አደንቃለሁ። የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ፈቃድ ሲወጣ የሚጀምር ግዴታ አይደለም፤ ለልምምድ የገባ ሰውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመለከተዋል።

ያጋጠመሽ ነገር እኔንም አጋጥሞኛል፤ አብረውኝ የተመረቁትም ከዚህ የተለየ አልገጠማቸውም። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ደግሞ የሚሠሩት በአማርኛ ነው። በአምስት ዓመት ትምህርት ውስጥ በአማርኛ አንድ ሙሉ የክስ ማመልከቻ ሳይጽፍ የሚመረቅ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ጉድለቱ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ የመሙላቱ ሸክም ግን በአንቺ ላይ መውደቁ አልቀረም።

እኔን የረዳኝን ልንገርሽ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 222ና 223 በአማርኛው ቅጂ አንብቢና ከጎኑ አንድ እልባት ያገኘ መዝገብ ይዘሽ ተቀመጪ። የክስ ማመልከቻው ከላይ የፍርድ ቤቱን ስም፣ የከሳሽንና የተከሳሽን ስምና አድራሻ ይዞ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው፣ ከሳሽ ክስ ለማቅረብ ችሎታ እንዳለው፣ ለተከሳሽ መጥሪያውን ማን እንደሚያደርስ ገልጾ ወደ ፍሬ ነገሩ ይገባል። ከዚያ የክሱ ምክንያት መቼና የት እንደተፈጠረ ይተርካል፤ በመጨረሻም የሚጠየቀውን ዳኝነት (ፍርድ ቤቱ እንዲወስንለት የሚፈልገውን) ዘርዝሮ በቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን በማረጋገጥ ይዘጋል። ይህ አጽም አንዴ እጅሽ ከገባ በኋላ ባዶ ወረቀት አያስፈራሽም። ቀጥሎ ለዚያው ክስ የተሰጠውን መልስ አንብቢ። ተከሳሹ በቁጥር 244 መሠረት ምን መቃወሚያ እንዳነሳ፣ ለምሳሌ ይርጋን (ክስ ለማቅረብ በሕግ የተወሰነው ጊዜ አልፏል የሚለውን መቃወሚያ) አንስቶ ከሆነ ብይኑ እንዴት እንደተሰጠ ተመልከቺ። ተከራካሪው ካላነሳው ፍርድ ቤቱ ይርጋን በራሱ አንቀሳቃሽነት እንደማያነሳ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856 ተምረሻል፤ አንድ ጠበቃ በመልሱ ውስጥ ሳያነሳው በመቅረቱ ደንበኛው የከፈለውን ዋጋ በመዝገብ ላይ ስታዪው ግን ቁጥሩን ዕድሜ ልክሽን አትረሺውም። ብይንና ፍርድም የሚለዩልሽ ያኔ ነው።

በአንድ ወር ተኩል ውስጥ አሥር መዝገብ ከማገላበጥ ሁለቱን ከመክፈቻው እስከ አፈጻጸሙ ማንበብ ይሻላል ባይ ነኝ።

መልስ 2፤ የአምና ተመራቂ

እኔ የተለማመድኩት ነሐሴ ላይ ስለነበር በእረፍቱ ወቅት አስቸኳይ ጉዳዮችን የሚያየው ተረኛ ችሎት ካልሆነ በቀር ችሎት የማየት ዕድል አላገኘሁም። ወደፊት ይህን የምታነቡ ተማሪዎች ጊዜያችሁን ከፍርድ ቤቱ የእረፍት ወቅት ጋር አስቀድማችሁ አስተያዩ።

ስለ ሪፖርቱ፣ በግልጽ ጻፊው። እኔ «ብዙ ዕውቀት አግኝቻለሁ» በሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ሞልቼ አቀረብኩና አማካሪዬ የሠራሁትን አንድ ነገር በዝርዝር እንዳሳያቸው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። አንቺ ግን የተሰረዘ ረቂቅ አለሽ። የመጀመሪያውንና የታረመውን ጎን ለጎን፣ የባለጉዳዮቹን ማንነት አጥፍተሽና የቢሮውን ፈቃድ አግኝተሽ፣ በአባሪነት ብታቀርቢው ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ ይናገራል።

ለቃላቱ እኔ የተጠቀምኩት መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለባቸው የተባሉ የመጨረሻ ውሳኔዎችን የሚመረምረውን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች ነው። በቅጽ ታትመው የሚወጡት ውሳኔዎች በአማርኛ የተጻፉ ናቸው፤ በሕግ አተረጓጎም ረገድም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድዱ ለፈተናም ለሥራም ይጠቅማሉ። በየቀኑ አንድ ውሳኔ እያነበብኩ «የክስ ምክንያት»፣ «የማስረዳት ሸክም»፣ «ቀድሞ በፍርድ ያለቀ ጉዳይ» የሚሉትን በደብተር ላይ ከነዓረፍተ ነገራቸው እጽፍ ነበር። ቃሉን ብቻ ነጥሎ መጻፍ ብዙም አልጠቀመኝም።

መልስ 3፤ በዳኝነት ያገለገልኩ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ

ልጄ፣ ከላይ የተሰጡሽ ምክሮች ጥሩ ናቸው፤ በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። ችግሩን ሁሉ ቋንቋው ላይ አትጣይው። በችሎት ላይ ሳለሁ በጥሩ አማርኛ የተጻፉ፣ ነገር ግን ምን እንደተፈጸመ የማይነግሩ ብዙ ማመልከቻዎች አንብቤያለሁ። ውሉ የተደረገበት ቀን በሦስተኛው ገጽ፣ ገንዘቡ የተሰጠበት ቀን በመጀመሪያው ገጽ፣ ማስጠንቀቂያው የተላከበት ቀን ጭራሽ የለም። ዳኛ በጠዋት ብዙ መዝገብ ይዞ ይቀመጣል። ነገሩን በቀን ቅደም ተከተል ያቀረበለትን ሰው ጭብጥ፣ ማለትም ክርክሩ የሚያርፍበትን ነጥብ፣ ለመያዝ አይቸገርም። ጠበቃሽ ፍሬ ነገሩን ንገሪው ያሉሽ ለዚህ ይመስለኛል። ብዕር ከማንሳትሽ በፊት ባለጉዳዩን አስቀምጠሽ «መጀመሪያ ምን ሆነ? ቀጥሎስ?» እያልሽ ጠይቂው፤ እሱ የሚመልስልሽ አማርኛ ከመጽሐፍ ከምትመልሺው ይበልጥ ለክሱ ይሆናል።

ስለ ሕጎቹ ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ካረቀቁት ወደ አማርኛ የተመለሰ ስለሆነ አንዳንዱ አነጋገር ለዛሬ አንባቢ ይከብዳል። ቢሆንም አማርኛውን አትሽሺው። በነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በአዋጆች የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲኖር የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ ያነበበ ተከራካሪ በገዛ ክርክሩ ሲደናቀፍ ተመልክቻለሁ፤ ያሳዝነኝም ነበር።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አባቴ፣ የእርስዎን መልስ ካነበብኩ በኋላ የተሰረዘውን ረቂቄን አውጥቼ ቀኖቹን ብቻ በእርሳስ አሰመርኩባቸው። ገንዘቡ ለተበዳሪው የተሰጠበትን ቀን ጨርሶ አልጻፍኩትም፤ አራት ገጽ ሙሉ ስለ ብድር ሕግ ስተነትን ብድሩ መቼ እንደተሰጠ አልተናገርኩም። ጠበቃው ይህንን በቃል ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ግን ስለ አማርኛዬ ብቻ ስለተሸማቀቅኩ አልሰማሁትም።

ሰኞ ወደ ቢሮው ሄጄ ሁለት እልባት ያገኙ መዝገቦችን እዚያው ተቀምጬ እንዳነብ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ረቂቁንም እንደገና ጽፌ ይዤ እሄዳለሁ፤ በዚህኛው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚጀምረው ከቀኑ ነው።