የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን ካጣመርኩ በኋላ ገጹ መሥራት አቆመ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ድረ ገጽ 14 የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን ለየብቻ ስለሚጠራ ሲከፈት ይዘገያል። ሁሉንም በአንድ ፋይል አጣምሬ ክፍት ቦታዎችንና ማስታወሻዎችን ሳስወግድ ግን «ፈንክሽን አይደለም» የሚል ስህተት መጣ። ለየብቻ ሲሆኑ ያለ ችግር ይሠራሉ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ 1፦
የአንዱ ፋይል የመጨረሻ መስመር ያለ ሴሚኮለን (;) አልቆ ቀጣዩ ፋይል በቅንፍ የሚጀምር ከሆነ፣ ብሮውዘሩ ሁለቱን እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ የፊተኛውን ዋጋ እንደ ፈንክሽን (ሲጠራ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ሊጠራው ይሞክራል። በየፋይሎቹ መካከል ሴሚኮለን ያስገቡና እንደገና ይሞክሩት።

መልስ 2፦
በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እርስዎ ያደረጉት ኮዱን ማሳነስ ነው፤ መጭመቅ ግን ሰርቨሩ በጂዚፕ ወይም በብሮትሊ በሚባሉ የመጭመቂያ ስልቶች የሚሠራው ሌላ ሥራ ስለሆነ ሥራ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ትልቁ ለውጥ የሚገኘው ከዚያ ነው። ደግሞም ሁሉን በአንድ ፋይል ማጨቅን አልመክርም። በኤችቲቲፒ (ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ) 1.1 ብሮውዘሮች ለአንድ ሰርቨር በአብዛኛው ከ6 በላይ ግንኙነት ስለማይከፍቱ ማጣመር ግድ ነበር፤ በ2015 የወጣው ኤችቲቲፒ 2 ግን ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ግንኙነት ያስተናግዳል። አንድ መስመር በቀየሩ ቁጥር ጎብኚው ሙሉውን ፋይል እንደገና እንዳያወርድ፣ እምብዛም የማይለወጡትን ላይብረሪዎች (ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች) ከራስዎ ኮድ ለይተው ያስቀምጡ።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ጥፋቱ በ3ኛው ፋይል መጨረሻ የጎደለው ሴሚኮለን ነበር። ጂዚፕም ጠፍቶ ስላገኘሁት አብርቼዋለሁ፤ ላይብረሪዎቹን አሁን እየለየሁ ነው።