ማርጋሪት አበባዬ በነሐሴ ዝናብ መሐል ጠወለገ፤ ምን ልርጭበት?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአጥሬ ሥር በረድፍ የተከልኋቸው፣ ዙሪያቸው ነጭ መሐላቸው ቢጫ የሆኑት ማርጋሪቶች እስከ ሐምሌ መጨረሻ ሲያብቡ ከቆዩ በኋላ በዚህ ሳምንት አንገታቸውን ደፍተዋል። ለእንቁጣጣሽ እንግዳ ስላለብኝ፣ ዛሬውኑ የምገዛውን መድኃኒት ስም ብትነግሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

የሐይቅ ገበሬ፦ ተክል የሚጠወልገው ውሃ ሲያንሰው ነውና ማታ ማታ በደንብ ያጠጧቸው።

የቦርከና ልጅ፦ ማርጋሪት የትውልድ አገሩ የካናሪ ደሴቶች ሲሆን፣ ከአደይ አበባ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ፣ ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር የሚወድ ቁጥቋጦ ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ስለሆነች፣ ከጥቅምት በኋላ ውርጭ እንዳይመታው ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል።

የጦሳ ጎረቤት፦ ውርጩ ይቆየንና፣ ማርጋሪት መሆኑን በምን አረጋገጡ? ሉተር ባርባንክ በካሊፎርኒያ አዳቅሎ በ1901 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ሻስታ ዴዚም አበባው ተመሳሳይ ነው። ቅጠሉ ሳይሰነጣጠቅ ከመሬት የሚነሣ ከሆነ ሻስታ ነው።

ጠያቂ፦ ግንዱ እንጨት ነው፤ ቅጠሉም የተሰነጣጠቀ ነው። እባካችሁ፣ መድኃኒቱን!

የቡና አጣጪ፦ አብሽሪ እህቴ፤ ቡናው ይፈላና ዱዓ ይደረግለታል። እስከዚያው ግን የጣሪያሽ ውሃ የት እንደሚወርድ እስኪ እዪ።

ጠያቂ፦ አሸንዳው የሚያፈሰው በረድፉ ራስ ላይ ነው፤ ነገር ግን በበጋ ስተክላቸውም እዚያው ነበር።

የሐይቅ ገበሬ፦ አሁንም የምለው ውሃ ነው።

የችግኝ ጣቢያ ጡረተኛ፦ በበጋማ አሸንዳው ምን ያፈስሳል? ውሃ መጨመሩ ይቅር። አንዱን ነቅለው ሥሩን ይዩ፤ ቡናማ ሆኖ ልጡ በጣት ከተላጠ በስብሷል፣ የበሰበሰን ሥር ደግሞ የሚመልስ ርጭት የለም። ሥሩ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ግን አሸንዳውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረው፣ በረድፉ ጎን ቦይ ቀድደው አፈሩን ያጠንፍፉ፤ ዩሪያም አይጨምሩ። የጠወለገውን ጫፍ ሲቆርጡ ቅጠል ያለውን ክፍል አስቀርተው ይሁን፤ ቅጠል አልባው አሮጌ እንጨት አያቆጠቁጥም። ካልጠወለጉት ላይ አበባ ያልያዘ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው፣ የታች ቅጠሉን አራግፈው፣ ዝናብ በማያገኘው ጥላ ሥር በረጠበ አሸዋ ቢተክሉ በወር ገደማ ሥር ያወጣል። ለእንቁጣጣሽ አይደርስም፤ ከመስቀል በኋላ ግን ምትክ ይኖርዎታል። ዋልካ አፈር ከሆነ ሲመልሱት መደቡን ከፍ አድርገው አሸዋና ብስባሽ ይቀላቅሉበት።

የቡና አጣጪ፦ ለእንቁጣጣሹ እንግዳ አደይ ይቀጠፍለት፤ እሱ ዝናቡን ለምዶታል።

የቦርከና ልጅ፦ ጠያቂያችን፣ ሥሩን አዩት ወይ? የሚተርፍ ቁራጭ ካለም ለኮምቦልቻ ግቢዬ እፈልጋለሁ።