ተራራ ለሚከልሉ ገበሬዎች ክፍያው በምን ይሰላ?

ጉቶ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከላይ ያሉ ገበሬዎች 60 ሄክታር የወል ተራራ ከልቅ ግጦሽና ከምንጣሮ ሊከልሉ ተስማምተዋል። ከታች ያለው የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር ቦዩን ደለል እየሞላበት ስለተቸገረ በየዓመቱ ሊከፍላቸው ፈቃደኛ ነው። በሄክታር ይሻላል ወይስ በቤተሰብ? ካርቦን ሽጡ፣ ማለትም ዛፎቹ ከአየር ለሚያምቁት ካርቦን ገዢ ፈልጉ የሚሉም አሉ።

የላይ ተፋሰስ፦ ቦዩ ውስጥ በሚለካ ደለል አትክፈሉ። አንድ ኃይለኛ ዝናብ የዓመቱን ልፋት መና ያስቀራል፤ ገበሬው ምን አጠፋ? የሚከፈለው በዓይን ለሚታይ ሥራ ይሁን፦ ከብት አለመግባቱ፣ አዲስ የተቆረጠ ጉቶ አለመኖሩ፣ እርከንና ክትሩ መጠገኑ። ገበሬዎቹ ከተራራው ያገኙት የነበረውን ሳርና ማገዶ በሸክም ቆጥራችሁ በአካባቢው ገበያ ተምኑት፤ አጭደው የሚወስዱትን ሳር ቀንሱ። ከቀሪው በታች የሆነ ክፍያ ማንንም አያቆምም።

የወል መሬት ስለሆነ በቤተሰብ እኩል ይከፈል። በማሳ ስፋት ካከፋፈላችሁ መሬት የለሽ ወጣቶች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፤ ማገዶ የሚለቅሙት ግን እነሱ ናቸው፣ በሌሊት ይገባሉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ወረቀት! የደን አዋጅ 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል። የይዞታ ማረጋገጫው ሳይወጣ ከተፈራረማችሁ፣ ቦታው ነገ ለሌላ ማኅበር ቢሰጥ መከራከሪያ የላችሁም።

ሜትር በእጁ፦ ቁጥጥሩ ላይ ልጨምር። ተራራውን ሁሉ ስለማትቆጥሩ በናሙና ክቦች ቁጠሩ። 11.28 ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ 400 ካሬ ሜትር ይሆናል። 12 ያህል ክቦች በካርታ ላይ በዕጣ ምረጡ፤ ጠባቂው ከመረጠላችሁ የሚያሳያችሁ ለምለሙን ብቻ ነው። መሃላቸውን በቀለም በተቀባ ድንጋይ ምልክት አድርጉ። በየክቡ አዲስ ጉቶ፣ የጸደቀ ችግኝ ቁጠሩ፤ የዛፍ ውፍረት በ1.3 ሜትር ከፍታ ይለካል። የከብት እበትም ጻፉ፣ ማን እንደገባ እሱ ይናገራል። መኖ የሚጠፋው ከየካቲት እስከ ግንቦት ስለሆነ ከክፍያው 40 በመቶ በየካቲት፣ የቀረው በሰኔ ከቆጠራ በኋላ ይሰጥ። ጥሰት ሲገኝ በተጎዱት ክቦች ልክ ቀንሱ እንጂ ሁሉንም አትከልክሉ፤ ሁሉን ያጣ ሰው በማግስቱ መንጋውን ያስገባል።

ወላይታ፦ ካርቦኑን ተዉት። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ወረዳ ላይ የካርቦን ሽያጩ የተሳካው 2,728 ሄክታር፣ 7 የደን ማኅበራትና 165,000 ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅነሳ ለመግዛት የተስማማ የዓለም ባንክ ፈንድ ስለነበረ ነው። የካርቦኑን መጠን የሚያረጋግጥ ድርጅት ወጪ መሬቱ ስላነሰ አያንስም፤ 60 ሄክታር አይሸፍነውም። ከሁምቦ የምትወስዱት ዘዴውን ነው፦ ከሕያው ጉቶ ከሚወጡት ቀንበጦች ቀጥ ያሉትን ሦስት አራቱን ትቶ ሌላውን መመልመል። ችግኝ ጣቢያ አያስፈልግም።

ጉቶ፦ ፍየሎቹ ወደ ጎረቤት ተራራ ቢዞሩስ?

የላይ ተፋሰስ፦ ይዞራሉ። እዚያም ሁለት ሦስት ክብ አኑሩና ውሉ ውስጥ አስገቡት። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ከፊሉ የመኖ ዘር ቢሆን ጥሩ ነው፤ እርከኑ ጫፍ ላይ ይዘራ።