"አብጁር" ምን ማለት ነው? ነገ ጠዋት ነው፣ ድረሱልኝ!

የዲኤምቪዋ፦ እህት ወንድሞች፣ ነገ ጠዋት ኢንተርቪው አለኝ። የሲቪክሱን ጥያቄ እንደ ውዳሴ ማርያም ሸምድጄዋለሁ። አሁን ባለቤቴ መሐላውን ሲያለማምደኝ "ሪናውንስ ኤንድ አብጁር" የምትለዋ ላይ "ይሄስ ምንድን ነው?" አለኝ። አፌ ተሳሰረ። እሱም አያውቀውም! ሪናውንስ መካድ ነው፤ አብጁርስ? አንድ ከሆኑ ለምን ሁለቴ ተጻፈ? ቶሎ በሉ፣ ልጆች አላስተኛሁም።

ሸገር_ቦይ፦ ከሷ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው "ፖቴንቴት" ለኔ እስከ ዛሬ ድንች ነው። ግን አልፌያለሁ።

ከቶሮንቶ፦ የምን ኢንተርቪው? የሥራ?

የዲኤምቪዋ፦ የዜግነት ነዋ! የአሜሪካ!

መምህር_ነበርኩ፦ ልጄ፣ ተረጋጊ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። "አብ" መራቅን ያሳያል፣ "ዩራሬ" መማል ነው። አብጁር ማለት እንግዲህ ምሎ መካድ ነው። ሪናውንስ "ትቻለሁ" ብሎ ማሳወቅ ነው፤ መሐላ የግድ የለበትም። ፎርሙ ላይ የፈረምሽበት "ፐርጁሪ"ም የዚሁ ዘመድ ነው፣ በሐሰት መማል። ጋሊሊዮ በ1633 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ተንበርክኮ "ምድር ትዞራለች" ማለቱን የካደው በዚሁ ቃል ነው። በድሮዋ እንግሊዝ ደግሞ ወንጀል ሠርቶ ቤተ ክርስቲያን የተጠጋ ሰው ጥፋቱን ተናዝዞ፣ ከአገር እወጣለሁ ብሎ ምሎ ነፍሱን ያተርፍ ነበር። ያም አብጁር ይባላል።

ናርዲ፦ መምህር፣ ልጅቷ ነገ ነው እኮ ያለችው! የኔ እህት፣ "ጊቭ አፕ" በያቸው፣ መተው ማለት ነው። "አይ ጊቭ አፕ ሎያሊቲ ቱ አዘር ካንትሪስ።" ጥያቄው ካልገባሽ በሌላ ቃል እንዲያስቀምጥልሽ ጠይቂው፤ አያሳፍርም።

አልሸጥም፦ ቃሉን ተዪውና፣ አገርሽን ልትክጂ እንደሆነ ገብቶሻል? የክርስትና አባት "እክድሃለሁ ሰይጣን" እንደሚለው ነው እኮ!

የዲኤምቪዋ፦ እኔ ኢትዮጵያን ከሰይጣን ጋር መቼ አወዳደርኩ? ትርጉም ነው የጠየቅኩት።

ከቶሮንቶ፦ አልሸጥም፣ አሜሪካ የድሮ ፓስፖርትሽን አምጪ አትልም። ጥምር ዜግነት የሚከለክለው የኛው ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 378/1996። የሌላ አገር ዜግነት በፈቃድሽ ከወሰድሽ ኢትዮጵያዊነትሽን እንደተውሽ ይቆጠራል። ቢጫ ካርድ፣ ያ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ የመጣው ለዚህ አይደል? እኛም ጋ ካናዳ ስንምል "ክጂ" አይሉም፣ ለንጉሡ ታማኝ ሁኚ ነው የሚሉት። የኛው ሕግ ግን ያው ነው።

ጂጂ_ዳላስ፦ "ጊቭ አፕ" በይ፣ በቃ።

ናርዲ፦ እሱን እኮ ብያለሁ።

ጂጂ_ዳላስ፦ ሳላነብ ነው፣ ይቅርታ። አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ በድንጋጤ "አድጁር" ብዬ አንብቤው ኦፊሰሩ ፈገግ አለ።

መምህር_ነበርኩ፦ ፈገግ ቢል አይገርምም። አድጁር በፈጣሪ ስም እያማሉ መለመን ነው። ሊቀ ካህናቱ ጌታን "በሕያው እግዚአብሔር አምልሃለሁ" ያለው እሱ ነው። አንዷ ፊደል ለውጣው ኦፊሰሩን ስትማጸኚው አደርሽ። አብጁርንም ቢሆን መንገድ ላይ አትጠቀሚበት። ቡና ለማቆም "አይ አብጁር ኮፊ" ብትዪ ይስቁብሻል።

ሸገር_ቦይ፦ ቡና በመሐላ የሚክድ ሐበሻ ካለማ ዜግነቱን ይንጠቁት።

የዲኤምቪዋ፦ ጊቭ አፕ። ጊቭ አፕ። ጊቭ አፕ። ይዤዋለሁ። ልተኛ።

ናርዲ፦ የዲኤምቪዋ፣ እንዴት ሆነልሽ? ከሰዓት ሆነ እኮ።

ሸገር_ቦይ፦ ድንቹን ጠይቀዋት ይሆናል።