የውሃ ግፊት ሙከራ ያለፈ የ1986 ሲሊንደር ለምን አይሞላም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ የተሠራ የአሉሚኒየም የመጥለቂያ ሲሊንደር ነው፤ ትከሻው ላይ 3ኤኤል (የአሜሪካ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ደረጃ ምልክት) እና 1986 ተመትቶበታል፤ 207 ባር ይይዛል። የ5 ዓመቱን የውሃ ግፊት ሙከራ አልፏል። አየር የሚሞሉት ግን የኤዲ ከረንት ምርመራ (በኤሌክትሪክ መሣሪያ ስንጥቅ የሚፈለግበት) ካልተደረገለት አንነካውም ይላሉ። ምን ቀረው?

መልስ 1፦ ልክ ናቸው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የተሠሩት 6351 ከተባለው ቅይጥ ነው። ግፊት ተሸክሞ ዓመታት ሲቆይ አንገቱ፣ ቫልቩ የሚታሰርበት ጥርስ ጋ፣ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። የውሃ ሙከራው እስከ 345 ባር ወጥሮ የገላውን መለጠጥ ነው የሚለካው፤ ሳይመለስ የቀረው ከጠቅላላው 10 በመቶ ካለፈ ይጣላል። አንገቱ ወፍራም ስለሆነ ግን ስንጥቁ ልኬቱ ላይ አይታይም።

መልስ 2፦ መጀመሪያ የአምራቹን ስም እይ። ካታሊና ከሆነ ቅይጡ 6061 ነው፣ በዚህ በኩል አትስጋ። ሉክስፈር ግን አሜሪካ ውስጥ ወደ 6061 የዞረው በ1988 ስለሆነ ያንተ በ6351 ውስጥ ይገባል።

ምርመራው እንዲህ ነው፦ አየሩን ቀስ ብለህ ጨርሰህ አውጣ፣ ቫልቩን ፍታ፣ ጥርሶቹን በደንብ አጽዳ። ከዚያ የኤዲ ከረንቱ መሣሪያ ጥርሶቹ ላይ ይዙር፤ አንተም በመብራትና በትንሽ መስታወት ጥርሶቹን አንድ በአንድ ከታች ወደ ላይ ተመልከት። ሁለት ጥርስና ከዚያ በላይ የሚያቋርጥ ስንጥቅ ካለ ሲሊንደሩ አበቃለት፤ በብየዳ አይዳንም።

መልስ 3፦ አንድ ልጨምር፤ የኤዲ ከረንቱ መሣሪያ ጥርስ ሲቆረጥ የቀረ ጭረትንም ስንጥቅ ብሎ ሊጮህ ይችላል። ስለዚህ የጮኸበትን ቦታ በዓይን ያረጋግጡ። ቀለሙ እቶን ውስጥ የተጋገረ ሲሊንደር ከሆነ ደግሞ አትግዛው፤ ከ177 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ አሉሚኒየም ጥንካሬውን ያጣል።