ጎልፍ ጂቲአይ በእውነት ስንት ይበላል? ሻጩ 6 ሊትር ይለኛል

የኦፈንባኹ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ናችሁ? የምኖረው ኦፈንባህ ነው፣ ሥራዬ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ አካባቢ። አሁን የምነዳት ያሪስ ሃይብሪድ ናት። ምንም አልበደለችኝም፣ ሰልችታኝ ነው እንጂ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ትንሽ ሆና የምትፈተለክ መኪና ነው የምወደው። ሰሞኑን አንድ በፈረንጆቹ የ2016 ቮልስዋገን ጎልፍ 7 ጂቲአይ አገኘሁ። 220 ፈረስ ጉልበት፣ ማንዋል፣ ጥቁር።

ሻጩ "በመቶ ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ነው የምትጠጣው፣ ይኸው ወረቀቱን እየው" ይለኛል። ወረቀቱ በርግጥም 6.0 ይላል። ለባለቤቴ ግን አልተዋጠላትም። "ያሪሷ እንኳን በብርዱ ጊዜ 5 ትጠጣለች፣ ያቺ ቀይ መስመር ያላት እንዴት 6 ብቻ?" አለችኝ። ምን ልበላት?

በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ። ከግማሽ በላዩ አውቶባን ነው፣ የቀረው ከተማ ውስጥ መንቀርፈፍ። መኪናዋ ያላችሁ ሰዎች፣ ወረቀቱን ተዉትና ከኪሳችሁ የሚወጣውን ንገሩኝ።

ባለ ናፍጣው (ኮሎኝ)፦

ናፍጣ ግዛና ተገላገል ወንድሜ። የእኔ ፓሳት በመቶ ኪሎ ሜትር 5 ሊትር እየጠጣች ሙኒክ ታደርሰኛለች። ከዛ በኋላ ስለ ነዳጅ ማሰብ ትተዋለህ።

የዳርምሽታቷ፦

ባለ ናፍጣው፣ ሰውየው የጠየቀው ስለ ጂቲአይ ነው፤ ፓሳትህን እዛው አቁማት።

ወንድሜ፣ እኔ የምነዳው እሷኑ ነው። ጎልፍ 7 ጂቲአይ፣ ግን ፐርፎርማንስ የሚሏት፣ 245 ፈረስ ጉልበት፣ ዲኤስጂ (የቮልስዋገን አውቶማቲክ ማርሽ)። ነርስ ነኝ፤ ቤቴ ዳርምሽታት፣ ሆስፒታሉ ፍራንክፈርት። በፈረቃ ስለምሠራ ኤ5 አውቶባንን በሁሉም መልኩ አውቀዋለሁ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ባዶ ነው። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ሞተር አጥፍተህ ቡና ማፍላት ትችላለህ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፦ 8 ሊትር ያዝ። በእኛ አገር ቆጠራ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ተኩል ማለት ነው። አንዳንድ ወር 7.4 ይሆናል፣ አንዳንድ ወር 9 ያልፋል። ባለቤትህ ልክ ናት።

ሻጩም አልዋሸም እኮ። ያ 6.0 የላቦራቶሪ ቁጥር ነው። ጂቲአይዋ በ2013 ስትወጣ መኪና የሚለካው ኤንኢዲሲ በሚሉት በአሮጌው ፈተና ነበር። ፈተናው 20 ደቂቃ አይሞላም፣ ርቀቱ 11 ኪሎ ሜትር ነው፣ 120 የሚደርሰው ደግሞ ለ10 ሰከንድ ብቻ። ከዜሮ ተነስታ 50 እስክትደርስ 26 ሰከንድ ይሰጣታል። ጂቲአይ ገዝቶ በ26 ሰከንድ 50 የሚደርስ ሀበሻ ካለ አሳዩኝ! በፈረንጆቹ ከመስከረም 2018 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ደብሊውኤልቲፒ በሚሉት በአዲሱ ፈተና ነው የሚለካው። እሱ ይሻላል፣ ግን እሱም ልክ አይመጣም። ከ2021 ወዲህ የወጡ መኪኖች የሚጠጡትን ነዳጅ ራሳቸው ይመዘግባሉ። የአውሮፓ ኮሚሽን ያንን መረጃ ሰብስቦ በ2024 ሲያወጣ፣ የቤንዚን መኪኖች በመንገድ ላይ የሚበሉት ከደብሊውኤልቲፒ ቁጥራቸው በአማካይ 23.7 በመቶ በልጦ ተገኘ። በአሮጌው ፈተና የተለካችው ያንተዋ ከዚህም ብትርቅ አይግረምህ።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ያለው እዛ ነው። ክሩዝ ኮንትሮል ላይ አድርጌ በ120 ስሄድ 6.3 አካባቢ ነው። በ130 ወደ 7 ይጠጋል። በ160 9 ተኩል ይሆናል። እህቴ ሙኒክ ስለምትኖር በኤ3 አድርጌ ኑረምበርግ ላይ ወደ ኤ9 እገባለሁ። እዛ የፍጥነት ገደብ የሌለው ረጅም መንገድ አለ። መንገዱ ክፍት ሆኖ 180 እና 190 ከሄድኩ 11 ያልፋል፣ የነዳጁ መርፌ ሲወርድ በዓይንህ ታየዋለህ። ነገሩ ምስጢር የለውም፤ የአየር ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው የሚያድገው። ከ130 ወደ 180 ስትወጣ ፍጥነቱ የጨመረው በሲሶ ገደማ ቢሆንም አየሩ የሚገፋህ ግን ወደ እጥፍ ተጠግቶ ነው። ይሄ ለያሪስህም ያው ነው፤ ልዩነቱ ያሪስ በ180 አትፈትንህም።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ገዳዩ አጭር መንገድ ነው። ጥር ላይ መኪናዋ ውጭ አድራ፣ ልጄን መዋዕለ ሕፃናት አድርሼ ስመለስ፣ እንዲያው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር፣ ዳሽቦርዱ 13 ይለኛል። ሞተሩ እስኪሞቅ ነዳጅ በዝቶ ነው የሚረጨው። ሲሞቅ ደግሞ እኔ ደርሻለሁ። ያሪስህ እዚህ ላይ ትበልጣታለች፣ ያውም በሰፊው።

ዳሽቦርዱን ደግሞ አትመነው፣ ይሸነግላል። የእኔ ሁልጊዜ ግማሽ ሊትር ያህል ቀንሶ ነው የሚነግረኝ። እንዲህ አድርግ፦ ማደያ ሄደህ ቧንቧው ራሱ ጠቅ ብሎ እስኪቆም ሙላ፣ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አድርግ። በሚቀጥለው ስትሞላ ሊትሩን በኪሎ ሜትሩ አካፍለህ በ100 አባዛ። ለምሳሌ ባለፈው 531 ኪሎ ሜትር ሄጄ 43.2 ሊትር ገባ፤ 8.1 ማለት ነው። ዳሽቦርዱ 7.6 እያለ ይምልልኝ ነበር። ስፕሪትሞኒተር የሚባል ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ሰዎች ከማደያ ደረሰኛቸው እየመዘገቡ ያስቀምጣሉ፤ ሞዴሉንና ፈረስ ጉልበቱን አስገብተህ ከሻጩ በፊት እሱን ጠይቀው።

የአሌክሳንድሪያው፦

እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ የ2019 ጂቲአይ አለችኝ። እህታችን ያለችውን የሚያጠናክር ነገር ልጨምር። እዚህ አዲስ መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው የኢፒኤ (የመንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ቁጥር ለጂቲአይዋ 24 ከተማ፣ 32 ሀይዌይ፣ በአማካይ 27 ማይል በጋሎን ነው። ወደ እናንተ ሲቀየር 8.7 ሊትር። ያቺው ጎልፍ እናንተ ጋ በወረቀት 6 ምናምን፣ እኛ ጋ በወረቀት 8.7! ማን ጋ ነው የመኪናዋ ሆድ የሰፋው?

ጠዋት ጠዋት ወደ ዲሲ በ395 አውራ ጎዳና ስገባ ትራፊኩ አያስኬድም፣ በጋሎን 22 ማይል ካገኘሁ ደህና ቀን ነው። ቅዳሜ ወደ ሪችመንድ ስወርድ ግን በ65 ማይል አስሬ 34 ወይም 35 አያታለሁ፣ እሱ 7 ሊትር እንኳን አይሞላም። እዚህ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቅጣት አይደለም፣ የወንጀል ክስ ነው። 85 ማይል ማለት 137 ኪሎ ሜትር ነው፤ እናንተ ቡና እየጠጣችሁ የምትነዱበት ፍጥነት። ስለዚህ መኪናዬን ቆጣቢ ያደረጋት ሾፌሩ ሳይሆን ፖሊሱ ነው።

የኦፈንባኹ ልጅ፦

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ሦስት ነገር ልጨምርብሽ። አንደኛ ማንዋል ወይስ ዲኤስጂ? ሁለተኛ ኢ10 (እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበትን ቤንዚን) ልሙላ ወይስ ተራውን ሱፐር? ሦስተኛው፣ እሱ ነው ዋናው፣ በዓመት በገንዘብ ስንት ይለያያል?

ባለጋራዡ (ኑረምበርግ)፦

መኪናዋን ሳታይ ሊትር አትቁጠር ወዳጄ። በመጀመሪያ ጎማውን እይ። ባለ 19 ኢንች ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ከተደረገባት፣ ቆንጆ ትሆናለች፣ ነዳጅም ትጨምራለች። 17 ወይም 18 ይበቃሃል። የጎማውን ንፋስ በወር አንዴ ለካ፤ የነዳጅ ክዳኑን ስትከፍት ወይም የሾፌሩ በር ጥግ ላይ ምን ያህል እንደሆነ ተለጥፎልሃል። ንፋስ ያነሰው ጎማ ነዳጅም ይበላል፣ ራሱንም ይበላል።

ቀጥሎ ስትሞክራት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዳት። የሙቀት መለኪያው መሃል ደርሶ መቆም አለበት። አውቶባን ላይ መልሶ ከወረደ ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። ሞተሩ እንደበረደው ይኖራል፣ ቤንዚኑንም እንደ በረደ ሞተር ይጠጣል።

ከሁሉም በላይ ቺፕ ተደርጎላት እንደሆነ ጠይቅ። ሶፍትዌር ተጭኖባት 300 ፈረስ ጉልበት የምትሰጥ ጂቲአይ ብዙ ናት። ቀስ ብለህ ብትነዳት ነዳጇ ብዙም አይለወጥም። ግን 300 ፈረስ ጉልበት የጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነድቷታል ብለህ ታምናለህ? ደግሞ በቲዩፍ (በመኪና መርማሪዎቹ) አልፎ መኪናው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ የመንዳት ፈቃዷ ይወድቃል፣ ኢንሹራንሱም አደጋ ሲደርስ ይጣላሃል።

የዳርምሽታቷ፦

ባለጋራዡ ቴርሞስታቷን ስላነሳህ ተባረክ፣ እሱን ማንም አያስታውሰውም።

ማንዋል ወይስ ዲኤስጂ ላልከው፣ በነዳጅ ብዙ አይራራቁም። ዲኤስጂ ኢኮ ላይ ስታደርጋት አንድ ጥሩ ነገር አላት፦ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ማርሹን ትለቅና በራሷ ትንሳፈፋለች። ኤ3 ላይ ሽፔሳርት ጋ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት ታውቀው የለ? ቁልቁለቱን ያለ ምንም ወጪ ትሄዳለህ ማለት ይቻላል። ቀይ መብራት ፊት ለፊት ካየህ ግን መንሳፈፉ አይጠቅምም። ማርሽ ውስጥ እንዳለች እግርህን አንሳ። ያኔ መርጨቱን ጨርሶ ታቆማለች፣ ዳሽቦርዱም 0.0 ይልሃል። ማንዋል ላይም ይሄው ይሠራል፣ ፍሪሲዮን አትርገጥ እንጂ። አገር ቤት "ፎሌ" እያልን ማርሽ አውጥተን ቁልቁለት የምንወርደው ነገር እዚህ ሞተር ላይ ቁጠባ አይደለም፣ ለፍሬንም ጥሩ አይደለም።

ቤንዚኑን በተመለከተ፣ ክዳኑ ላይ 95 ኦክቴን ይላል፣ ኢ10ም ይፈቅዳል። እኔ ኢ10 ነው የምሞላው። ኢታኖል ከቤንዚን በሲሶ ያነሰ ጉልበት ስላለው፣ ኢ10 ስትሞላ ከተራው ሱፐር ሁለት በመቶ እንኳን በማይሞላ ይበልጥ ትጠጣለች። ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሊትር 6 ሳንቲም ገደማ ይቀንሳል፣ እሱ ከሦስት በመቶ ይበልጣል። አስላው። ደግሞ ከመሙላትህ በፊት ዋጋውን እይ፤ ማደያዎቹ በቀን ውስጥ ይለዋውጡታል። 98 ሙላ የሚሉህን ተዋቸው፣ ያንን ገንዘብ ለእንጀራ አድርገው።

ወደ ብሩ እንምጣ። ያሪስህ 4.5 ትጠጣለች እንበል፣ ጂቲአይዋ 8.2። ልዩነቱ 3.7 ሊትር ነው። በ15,000 ኪሎ ሜትር 555 ሊትር ይሆናል። ሊትሩን 1.75 ዩሮ ብንይዘው ወደ 970 ዩሮ በዓመት። ከተራ ጎልፍ ጋር ብታወዳድራት ግን ልዩነቱ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው፣ 400 ዩሮ አይሞላም። ስለዚህ ጂቲአይ ነዳጅ ጨራሽ ስለሆነች አይደለም፤ የለመድከው ሃይብሪድ ስለሆነ ነው የሚያምህ።

የኦፈንባኹ ልጅ፦

ለባለቤቴ አነበብኩላት። 970 ስትሰማ "አየህ፣ ለአንድ ሰው የአዲስ አበባ ትኬት ነው" አለችኝ። "በየዓመቱ አንዱ ሰው እዚህ ይቀራል፣ እሱም አንተ ነህ" ብላ ጨመረችበት።

ከሸገር፦

እናንተ ስለ 8 ሊትር ትጨነቃላችሁ። እኔ አሮጌ ቪትዝ ይዤ ሜክሲኮና ሳሪስ መሃል ትራፊክ ላይ ያው በሊትር 12 ነው የማገኘው፣ እሱም ወረፋ ተሰልፌ ቤንዚን ካገኘሁ። እዚህ ከ2024 ጀምሮ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ያቺን ጂቲአይ እኔ በፎቶ ነው የማያት። ዳር ዳር አትበል ወንድሜ፣ ግዛትና ድምጿን ቀድተህ ላክልኝ።

የዳርምሽታቷ፦

ባለቤትህ ቀልድም ቁምነገርም አውቃለች። ያሪስ ሸጦ ጂቲአይ የሚገዛ ሰው ለቁጠባ ብሎ አይደለም፣ እሱን ቤት ውስጥ በግልጽ ተነጋገሩ። እኔ ሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ባዶው ኤ5 ላይ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ስረግጣት የሚሰማኝን በሊትር አላሰላውም።

ግን ነዳጁን ብቻ እያያችሁ ሌላውን እንዳትረሱት። እኔን የሚያመኝ ጎማና ኢንሹራንስ ነው። ኃይሉ በሙሉ በፊት ጎማዎች ስለሆነ የሚወጣው፣ ሲረጥብ ከረገጥካት የፊቶቹን ትፈጫቸዋለች፤ ባለ 18ቱ ጎማ ደግሞ ከያሪስህ ጎማ ዋጋው ሌላ ነው። ኢንሹራንስ በሞዴሉና በምትኖርበት ከተማ ስለሚሰላ የእኔን ብነግርህ አይጠቅምህም። ከመፈረምህ በፊት ሻጩን የመኪናውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ እንዲልክልህ ጠይቀው። እዛ ላይ የአምራቹና የሞዴሉ መለያ ቁጥር አለ። ሁለቱን የዋጋ ማነጻጸሪያ ገጽ ላይ አስገባና ያሪስህ ከምትከፍለው ጋር ጎን ለጎን አድርገው። ሻጩ ወረቀቱን ለመላክ ካንገራገረ ሌላ ፈልግ፣ ጥቁር ጂቲአይ ሄሰን ውስጥ ሞልቷል።