ክርክር፦ ራግቢ ሊግ አዲስ ከተማ ይጨምር ወይስ መጀመሪያ ያለውን ሜዳ ይሙላ?

ብላክታውን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብሪዝበን ብሮንኮስ ሜልቦርን ስቶርምን 26 ለ 22 አሸንፎ የ2025ን ዋንጫ ከወሰደ ወዲህ ጭቅጭቁ ሊያልቅ አልቻለም፤ እንግዲህ አንድ ላይ ይውጣልን። ለማትከታተሉት ባጭሩ፦ የአውስትራሊያው ራግቢ ሊግ ማለትም ኤንአርኤል አሁን 17 ክለብ አለው። በ2027 ፐርዝ ቤርስ ይገባል። በ2028 ደግሞ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ዋና ከተማ ከፖርት ሞርስቢ ቺፍስ የሚባል ቡድን ይመጣል።

እኔ አልደግፍም። ሲድኒ ብቻዋን 9 ክለብ ተሸክማለች። አንዳንዶቹ ትልቁ ስታዲየም ሲጫወቱ ባዶ ወንበሩ ከሰው ይበልጣል። በ2022 የሲድኒው ክሮኑላ ሻርክስ በራሱ ሜዳ ፋይናልስ፣ ማለትም ዋንጫው የሚወሰንበትን የመጨረሻ ዙር፣ ሲጫወት የገባው ሰው 12 ሺህ ገደማ ነው። ፋይናልስ እኮ ነው! ያለውን ሳይሞሉ ሌላ መክፈት ምን የሚሉት ነው?

ሌላው የተጫዋች ጉዳይ ነው። ፔንሪዝ ከ2021 እስከ 2024 በተከታታይ አራት ዋንጫ በላ፤ ግን የደሞዝ ጣሪያ የሚሉት፣ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ የሚከፍለውን የሚገድብ ነገር እያስገደደው በየዓመቱ ልጆቹን ለሌላ ክለብ ሲያስረክብ አይተናል። ደህና 7 ቁጥር፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራ ልጅ፣ ያለው ክለብ በጣት ይቆጠራል። በዚህ ላይ ሁለት ቡድን መጨመር ወጡ ላይ ውሃ መቸለስ ነው።

ፉትስክሬይ ነኝ፦
ብላክታውን፣ ራስህ የጠራኸውን ጨዋታ እንይው። ብሮንኮስ መቼ ገባ? በ1988። ስቶርምስ? በ1998። ሁለቱም በጊዜያቸው «አዲስ ከተማ» ተብለው የመጡ ናቸው። የዓመቱን ሰንጠረዥ በአንደኛነት የጨረሰው ካንቤራም ቢሆን የገባው በ1982 ነው። አንድም የሲድኒ ክለብ በሌለበት ፍጻሜ የሲድኒው ስታዲየም ውስጥ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ያ ሁሉ ሕዝብ ማንን ሊያይ የሄደ ይመስልሃል?

የ1999ኙንም ላስታውስህ። ስቶርም በተመሠረተ በሁለተኛ ዓመቱ ለፍጻሜ ደርሶ ሴንት ጆርጅ ኢላዋራን 20 ለ 18 ሲያሸንፍ የተቆጠረው ተመልካች 107,999 ነው። በራግቢ ሊግ ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ እስካሁን የለም።

የክሮኑላው ደግሞ ያነሳኸው ለራስህ ክርክር አይሆንም። ያኔ አጠገቡ ግንባታ ስለነበር ሜዳው የሚይዘውም ከዚያ ብዙም አይበልጥም ነበር። ጨዋታውስ? ጭማሪ ሰዓት ሄዶ፣ በ93ኛው ደቂቃ በተመታች ኳስ ካውቦይስ 32 ለ 30 አሸነፈ። የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔም አንዷ ነኝ።

ብላክታውን፦
የፍጻሜው ስታዲየም የሞላው ሲድኒ ስለሆነ ነው እኮ። ያንኑ ጨዋታ እናንተ ዘንድ ሜልቦርን አሚ ፓርክ ብታደርጉት 30 ሺህ ሰው ነው የሚይዘው። ደግሞ ስቶርምን በአርአያነት አታንሺብኝ። የ2007 እና የ2009 ዋንጫውን የተነጠቀው ከጣሪያው በላይ በድብቅ ሲከፍል ተይዞ ነው። እንደዛ ከሆነማ ማን የማያሸንፍ አለ፣ ሃሃ።

ፉትስክሬይ ነኝ፦
ቅጣቱ ይገባዋል፣ በዚያ አልከራከርም። ግን በ2010 ዋንጫ ተነጥቆ፣ የዚያ ዓመት ነጥቡም ዜሮ ተደርጎበት፣ በ2012 ተመልሶ ዋንጫ በላ። ሥር ያልያዘ ክለብ ቢሆን ያኔ ያበቃለት ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ የት ነው? የእኛ ሰፈር ልጆች የቡልዶግስ ማሊያ ለብሰው ታያለህ፤ የናንተው የሲድኒው ቡልዶግስ አይደለም፣ የፉቲው ማለትም የአውስትራሊያ ሩልስ እግር ኳሱ ነው። ሜልቦርን ሙሉዋን የፉቲ አገር ናት። እዚህ ከተማ ውስጥ ለራግቢ ሊግ በፋይናልስ ሰሞን ትኬት ተሻምተን መግዛታችን ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጋሽ ብሪዝበን፦
ልጆች፣ እኔ የከተማ አውቶብስ ነጂ ነኝ። ስለ ተመልካች የማውቀው ከመሪዬ ኋላ ተቀምጬ የማየውን ነው። እሁድ ዕለት ብሮንኮስ ፔንሪዝን 16 ለ 14 አሸንፎ ለፍጻሜ ያለፈ ቀን፣ ገና ከሰፈር ስነሳ አውቶብሱ ሞላ። አንድ ሽማግሌ፣ ልጁና የልጅ ልጁ አንድ ላይ ገቡ። ሦስቱም የለበሱት የብሮንኮስ ማሊያ ነው። የሽማግሌው ማሊያ ቢጫው ነጥቶ፣ ደረቱ ላይ ያለው የስፖንሰር ስም ግማሹ ተላልጧል። ትንሹ ልጅ እስከዚያን ቀን ብሮንኮስ ዋንጫ ሲያነሳ አይቶ አያውቅም ነበር፤ ከ2006 ወዲህ አልበሉም ነበራ።

የብሮንኮስ ሜዳ ላንግ ፓርክ ለምን እንደሚሞላ ንገሩን ካላችሁ ግማሹ ምክንያት ቀላል ነው። ሜዳው መሀል ከተማ ነው፣ በእግር ይደረሳል። የጨዋታ ትኬት የያዘ ሰው ደግሞ አውቶብስና ባቡር አይከፍልም። እናንተ ሲድኒዎች ከዚያ ከትልቁ ስታዲየም ወጥታችሁ ቤት ለመድረስ ስንት ሰዓት ነው የምትሰለፉት?

ዶልፊንስ በ2023 ሲገባም «ብሪዝበን ሁለት ክለብ አትችልም» ተብሎ ነበር። በመጀመሪያ ጨዋታው ሲድኒ ሩስተርስን 28 ለ 18 ገረፈ። አሰልጣኙ ያ አንጋፋው ዌይን ቤኔት ነበር። አዲስ ይባል እንጂ ክለቡ ብሪዝበን አጠገብ ሬድክሊፍ ውስጥ ከ1947 ጀምሮ የነበረ ነው። ማሊያውም ደጋፊውም ቀድሞ ነበረ፣ ሊጉ ነው የዘገየው።

ብላክታውን፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አሁን የሚነግሩን ስለ አሮጌ ክለብ እኮ ነው። ዶልፊንስ ሠፈር፣ ማሊያ፣ የራሱ ክበብ ነበረው። ፐርዝ ላይ ምን አለ?

ፐርዟ፦
እኛ አለን! ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች።

ታሪኩን አንዳንዶቻችሁ ስለማታውቁት ልናገር። ፐርዝ በ1995 ዌስተርን ሬድስ የሚባል ቡድን ተሰጥቷት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ተዘጋ። ያን ጊዜ ሊጉ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ የቴሌቪዥን ከበርቴዎች በተጫዋች እየተሻሙ ገንዘብ የሚረጭበት ዘመን ነበር። በ1997 ሁለት ሊግ ጎን ለጎን ተካሄደ። በዚያ ግርግር ፐርዝ ብቻ ሳትሆን የአዴሌድ ራምስም፣ የደቡብ ኩዊንስላንድ ክራሸርስም ጠፉ። የኛው ክለብ ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ነበረበት፦ ከምሥራቅ የሚመጡትን እንግዳ ቡድኖች የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ የሚችለው እሱ ነበር። ከሲድኒ ፐርዝ ከአዲስ አበባ ዱባይ ከመብረር ይረዝማል። በዚያ ሂሳብ ማን ይቆማል? እና «ፐርዝ ተሞክሮ ከሽፏል» የምትሉ ሰዎች፣ የከሸፈው አሠራሩ ነው።

ተመልካች የለም የሚለውንም አልሰማም። በ2019 የስቴት ኦፍ ኦሪጅን ጨዋታ፣ ማለትም የኩዊንስላንድና የኒው ሳውዝ ዌልስ ግጥሚያ፣ እዚህ ፐርዝ ኦፕተስ ስታዲየም ሲደረግ 60 ሺህ ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። አዎ፣ የአንድ ቀን ትርዒት ነው፣ በየሳምንቱ እንደዛ አይሆንም። ግን ቴሌቪዥኑ ፐርዝን የሚፈልግበት ሌላ ምክንያት አለው። ሰዓታችን ከሲድኒ 2 ሰዓት ወደኋላ ነው። እኛ ገና ሲመሽብን ስንጀምር ለምሥራቁ የማታው የመጨረሻ ጨዋታ ይሆናል፣ ማንም ክለብ እኩለ ሌሊት ድረስ እንዲጫወት ሳይገደድ። የቴሌቪዥኑ ውል የሚያልቀው በ2027 ነው፣ እኛ የምንገባበት ዓመት። አጋጣሚ ይመስላችኋል?

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ ስሙ። ቤርስ የሰሜን ሲድኒ ክለብ ነው። ከ1908 ጀምሮ ነበር፣ የመጨረሻ ዋንጫው የ1922 ነው፣ በ1999 ከሊጉ ወጣ። አሁን ስሙና ቀይና ጥቁሩ ቀለም ወደኛ መጣ። የክፍለ ሀገራችን መንግሥት ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያወጣ ተስማምቶ ሳለ የራሳችን ስም ማውጣት አቅቶን ነው? አንዳንድ ጨዋታም ሲድኒ ላይ ለድሮ ደጋፊዎች ይደረጋል ሲሉ ደሜ ይፈላል።

ፈረሰኛው፦
ስለ ስም ካነሳሽ አይቀር እኔን ስሙኝ። ሲድኒ እንደገባሁ «ሴንት ጆርጅ የሚባል ክለብ አለ» ሲሉኝ ሳላመነታ ያዝኩት። አገር ቤት ጊዮርጊስ፣ እዚህም ጊዮርጊስ፣ አለቀ። በኋላ ቅጽል ስማቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዘንዶዎቹ! ጊዮርጊስ ብሎ ዘንዶውን መደገፍ የት አገር ነው ያለው? ከ1956 እስከ 1966 በተከታታይ 11 ዋንጫ የበሉ ናቸው ሲሉኝ ግን ይቅር አልኳቸው።

ቁም ነገሩ፣ የኛ ክለብ የሜዳ ጨዋታውን ለሲድኒው ኮጋራና ከደቡብ ላለችው ለዎሎንጎንግ ከተማ ይከፋፍላል። ሁለት ቤት ያለው ነው። አንዱ ጋ ሲደረግ የሌላው ሰው ይቀራል፣ በተለይ ሲሸነፉ። አገር ቤትም ያየነው ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ እየተሰበሰቡ ተጫወቱ፤ ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጊዮርጊስና ቡና ከአዲስ አበባ ውጭ ሲገናኙ በቲቪ ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ያ የምናውቀው ጩኸት የት አለ? ክለቡን ከሜዳው ነጥለህ ተመልካች መጠበቅ አትችልም። ስለዚህ ፐርዟ ልክ ነሽ፣ ጨዋታሽን አታስነኪ።

ማንችስተር ያለሁት፦
ከዚህ ማዶ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ ሱፐር ሊግ ሁለቱንም ሞክሯል። ከደቡብ ፈረንሳይ ፔርፒኞ ካታላንስ በ2006 ገባ። እዚያ አካባቢ ጨዋታው ድሮም የሕዝብ ነው፣ የሰፈሩ ልጆች ይጫወታሉ። በ2018 የቻሌንጅ ዋንጫን በላ፣ በ2019 ባርሴሎና ካምፕ ኑ ላይ ዊጋንን ሲገጥም ከ31 ሺህ በላይ ሰው ገባ፣ በ2021 ደግሞ ኦልድ ትራፎርድ ለፍጻሜ ደረሰ። ከካናዳ የመጣው ቶሮንቶ ዎልፍፓክ ግን በ2017 ከታች ጀምሮ በ2020 ዋናው ሊግ ላይ ደርሶ፣ ኮሮና ሲመጣ እዚያው ዓመት መሀል ላይ አቋርጦ ወጣ። ሜዳቸው ይሞቅ ነበር፣ ቢራው፣ ሙዚቃው፣ ሁሉም ነገር። ተጫዋቹ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ከውጭ የመጣ፣ ገንዘቡም በዋናነት የአንድ ባለሀብት ነበር። ፐርዝ ላይ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ የታዳጊ ቡድን አለ ወይ?

ፐርዟ፦
ታዳጊ አለ። ማዕድን ለመሥራት ከኩዊንስላንድና ከኒው ዚላንድ የመጣ ቤተሰብ እዚህ ሞልቷል፣ ልጆቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታሉ። እስካሁን ችግሩ፣ ጎበዝ የሆነው ልጅ 16 ዓመት ሲሞላው ቦርሳውን ይዞ ወደ ምሥራቅ መሄዱ ነው።

ብላክታውን፦
እሺ ፐርዝን ለጊዜው ተዉት። ፖርት ሞርስቢን አስረዱኝ። የአውስትራሊያ መንግሥት በ10 ዓመት 600 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣው ለትራይ ማለትም ለጨዋታው ነጥብ ብሎ ነው? ቻይና ፓሲፊክ ውስጥ እግሯን እንዳታስገባ ነው። ፓፑዋ ኒው ጊኒም ለተጫዋቾቹ የገቢ ግብር አላስከፍልም ብላለች። እዚህ የሚጫወተው ልጅ ግማሽ ያህሉን ለታክስ ሲሰጥ፣ እዚያ ያለው ሙሉውን ወደ ኪሱ። የደሞዝ ጣሪያ ታዲያ ምኑን ጣሪያ ሆነ?

ፉትስክሬይ ነኝ፦
የፖለቲካው ነገር እውነት ነው፣ ማንም አይክድም። የታክሱም ጥያቄ ተገቢ ነው። ግን ፓፑዋ ኒው ጊኒ ራግቢ ሊግ ብሔራዊ ስፖርቷ የሆነ አገር ናት። እዚያ ኦሪጅን ሲኖር በአውስትራሊያ ክፍለ ሀገሮች ምክንያት ጎረቤት ከጎረቤት ይኳረፋል፣ ለራሳቸው ቡድን ቢሆን ምን ሊሆን ነው? የሀንተርስ ቡድናቸው ከ2014 ጀምሮ ከኤንአርኤል በታች ባለው የኩዊንስላንድ ዋንጫ ላይ ይጫወታል፣ በ2017 አሸንፎታል። ቶሮንቶ ያጣው ነገር እዚያ ሞልቶ ተርፏል።

ጋሽ ብሪዝበን፦
የሚያሳስበኝ የተመልካቹ ነገር አይደለም፣ የጸጥታው ነው። በጥር 2024 ከተማዋ ውስጥ የሆነውን ዝርፊያና እሳት በዜና አይተናል። ከዚህ የሚሄደው ተጫዋች ቤተሰብ ይዞ ነው የሚሄደው።

ብላክታውን፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። አንድ ጥያቄ ልጨምር፣ ማንም ሲመልሰው አላየሁም። ቺፍስ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ቢወጣ የመጀመሪያውን ሳምንት ፋይናልስ በሜዳው ወይስ በሌላ? ደንቡ በላጭ ሆኖ የጨረሰው ያስተናግዳል ይላል። የፖርት ሞርስቢው ስታዲየም 15 ሺህ ገደማ ነው የሚይዘው። ሊጉ «ወደ ብሪዝበን ይምጣ፣ 52 ሺህ እንሸጣለን» ማለቱ አይቀርም። እኔ ክለቡ መግባቱን ባልደግፍም፣ ከገባ በኋላ ጨዋታውን ቢቀሙት ግን ከነሱ ጎን ነኝ።

ፐርዟ፦
ደንቡ አሁን ይጻፍ ነው የምልህ፣ ሁለታችን ከመግባታችን በፊት። የኛም ነገር እንደዚያው ነው። የምንጫወትበት ኤችቢኤፍ ፓርክ 20 ሺህ ገደማ ነው፣ ወዲያ ማዶ ኦፕተስ 60 ሺህ ይይዛል። ፋይናልስ ስንደርስ የቱ ጋ እንደምንጫወት ክለቡ ይምረጥ። ሲድኒ ያለ ቢሮ አይምረጥልን።